የገንዳው ክፍል ማኅተም

ሰኞ ጠዋት የኒውክሌር ምርምር ማዕከሉ ዘበኛ እንደ ልማዳቸው ሕንፃውን ሲዞሩ፣ ከኮሪደሩ ማዶ ሆነው የገንዳው ክፍል በር የታሸገበት ሽቦ ተቆርጦ ተንጠልጥሎ አዩ። ሄደው ለአለቆቻቸው ተናገሩ። ብዙም ሳይቆይ ተረኛ ፖሊሶች መጥተው ያሰሩት ደግሞ እሳቸውኑ ነበር።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አልኩ ምርመራው ለእኔ ተሰጥቶ ነገሩን ስሰማ።

«የበሩ ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው ብለው ነው» አለች አብራኝ የምትሠራው ሳጅን መኪናውን እየነዳች። «እርስዎ ግን ስለ ኒውክሌር ያውቃሉ?»

«እኔ እቤቴ አምፖል ሲቃጠል ሰው የምጠራ ነኝ።»

«እንግዲያው አንድ ነን። ዝም ብለን ሌባችንን እንፈልግ» አለች።

ዋና ዳይሬክተሩ ደጅ ቆመው ጠበቁን። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ጫማቸው ፊት ያሳያል። ወደ ውስጥ እየመሩን ነገሩን ባጭሩ አስረዱን። ማዕከሉ ድሮ ለምርምር የሚጠቀምበት ትንሽ ሪአክተር ነበረው። ሪአክተሩ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ያገለገለው ነዳጅ ግን ዛሬም ክፍሉ ውስጥ ባለ ገንዳ፣ ውኃ ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያ ማንም አንዲት የነዳጅ ዘንግ አውጥቶ ለመጥፎ ሥራ እንዳያውል፣ የዓለም አቀፉ የኒውክሌር ድርጅት ተቆጣጣሪዎች በሩን ቁጥር ባለው ማኅተም አሽገውታል። በየዓመቱ ይመጣሉ፣ ቁጥሩን ያያሉ፣ ሽቦው ደህና ከሆነ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ።

«ሐሙስ ጠዋት ይመጣሉ» አሉ ዳይሬክተሩ። «ዓርብ ደግሞ ከሁለቱ ጎረቤት አገሮች ጋር የጋራ የኃይል ማመንጫ ለመሥራት እንፈራረማለን። አገር በሙሉ መብራት የሚያገኝበት ነገር ነው! አሁን ማኅተሙ ተቆርጧል። በደንባቸው መሠረት ገንዳውን ከፍተው እያንዳንዷን ዘንግ ሳይቆጥሩ አይሄዱም። ጎረቤቶቻችንስ ምን ይሉናል? ቦምብ ልትሠሩ ነው አይሉንም?»

ኮሪደሩ መሐል ወለሉ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ዳይሬክተሩ ሳያዩት አለፉት።

«ክልክል ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ።

ነጭ ካፖርት የለበሱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ነበሩ። የጨረር መከላከያ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። በኋላ እንደሰማሁት ሠራተኛው ሁሉ ‹እትዬ ክልክል› ነው የሚላቸው። ከመስመሩ አጠገብ ካለው ሣጥን ሰማያዊ የላስቲክ የጫማ ሽፋን አውጥተው ለእኔና ለሳጅኗ ሰጡን።

«ዛሬ እንኳን ተዪን እንጂ» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ዛሬም ክልክል ነው።»

ዳይሬክተሩ እንዳላየ ሆነው በሚያብረቀርቅ ጫማቸው ቀጠሉ።

«ከእኛ በፊት ይህን መስመር ያለፈ አለ?» አልኩ።

«ማን አባቱ ደፍሮ!» አሉ እትዬ ክልክል። «ያንተ ፖሊሶች እዚያ ማዶ ቆመው ነው ያዩት። ጨረሩ እንዳይነካቸው ቆባቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው።»

ሳጅኗ ሳቋን ዋጠች።

በሩ ከባድ ብረት ነው። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ንጹሕ ሆኖ ተቆርጧል። የልብስ ቁልፍ የምታክለው የብረት ማኅተም ግን ሳትጣል፣ ቁጥሯ እንዲታይ ሆና መንጠቆው ላይ ተሰቅላለች። ጎንበስ ብዬ የበሩን ጠርዝ አየሁ። ከታች ጥግ በሩንና መቃኑን አያይዞ የሸረሪት ድር አለ። ሸረሪቷም ቤቷ ናት። ለጊዜው ለራሴ ያዝኩት። በእኔ ሥራ ያየኸውን ሁሉ ወዲያው ካወራህ የቀረው ይደበቅብሃል።

ስንመለስ ሽፋኔን አውልቄ መስመሩ አጠገብ ካለው ቢጫ ቆሻሻ መጣያ ጣልኩት። ከሥር አንድ ጥንድ ቀድሞ ተጥሏል፤ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ አፉ ተቋጥሯል። እትዬ ክልክልም የራሳቸውን እንዲያው አድርገው ገልብጠው ቋጠሩና የእኔን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የነካው ወደ ውስጥ ነው የሚሆነው» አሉኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ አስተማርኩ፤ የሚሰማኝ ግን የለም።»

*

ታሳሪውን ጋሽ ቀስታ ነው የሚሏቸው። ማንም ሰው ሲቸኩል ካዩ «ቀስታ፣ ቀስታ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ስለሚሉ ነው። ጣቢያው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ባለቤታቸው ሳህን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠው ነበር። ሳልፍ ተነሥተው እጅ ነሱኝ። አፈርኩ።

«ሌባ አይደለሁም፣ ልጄ» አሉኝ ጋሽ ቀስታ ገና ከመቀመጤ። «እዚያ በር ላይ ሸበትኩ። ጡረታዬ ደርሷል። እኔ ከዚህ ዓለም የቀረኝ ስሜ ነው፤ እሱንም በካቴና ይዘው በሰፈሬ መሐል አሳለፉት። ልጆች ተከትለውኝ ‹ሌባ› እያሉ ሮጡ።»

«እሁድ ከሰዓት የት ነበሩ፣ ጋሼ?»

«በሬ ላይ።»

«ማን ነበር ግቢው ውስጥ?»

«ዶክተሩ፣ አለቃችን፣ ለዓርቡ ንግግር ሊለማመዱ ገቡ። እትዬ ክልክል መሣሪያቸውን ሊያነቡ መጡ። ያ የጥገናው ልጅም ነበር። ሌላ ዝንብ አልገባም። የበሩ ካሜራ ምስክሬ ነው።»

«ወደ ገንዳው ክፍል የሄደ አላዩም?»

ጣሪያውን አዩ፣ ከዚያ ጫማቸውን። «አላየሁም።»

«ከወንበርዎ ግን ኮሪደሩ ይታያል።»

 ግንባራቸውን በፎጣቸው ጠረጉ። ሳጅኗ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ የደበቁት ነገር አለ ማለቷ ነው። እኔም ገብቶኛል። የደበቁት ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

*

የጥገና ባለሙያው ጥሩ ተጠርጣሪ ነበር። ሽቦ የሚቆርጥ ፒንሳ አለው። የሚገባኝን ዕድገት ከለከሉኝ ብሎ ከዳይሬክተሩ ጋር ተኳርፏል። እሁድ በዋናው በር ሲገባ ካሜራው ያሳያል፤ ሲወጣ ግን አያሳይም። ማክሰኞ ጠዋት ወርክሾፑ ስንገባ የመሣሪያ ሳጥኑን በእግሩ ወደ ጠረጴዛ ሥር ገፋው።

«እሁድ ለምን መጣህ?»

«የገንዳው ፓምፕ እረፍት አልሰጥ ብሎ። ገንዳው ውኃው ሲጎድል ራሱ ከውጭ ይሞላል። ፓምፑ ድሮ አልፎ አልፎ ነበር የሚነሣው፤ አሁን ግን ሲያጓራ ነው የሚውለው። ጠጋግኜው ለዶክተሩ ነገርኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«‹ከዓርብ በኋላ እናየዋለን› አሉኝ።»

«ከዚያስ? በየት ወጣህ?»

«በ... በኋላ በር፤ ከውስጥ ብቻ በሚከፈተው።»

«ለምን?»

ሳጥኑን በእግሩ ጨምሮ ወደ ውስጥ ገፋው።

«አንተ» አለች ሳጅኗ፣ «ከዚህ ዝምታህ እስር ቤት ቅርብ ነው።»

ፊቱ ቀላ። «ዳቦ ቤት ነበርኩ። የባለዳቦ ቤቷ መጋገሪያ ማሽን ተበላሽቶ... በማዕከሉ መሣሪያ ነው የሠራሁላት። አለቆቼ ቢሰሙ ያባርሩኛል።»

ሄደን ጠየቅን። ባለዳቦ ቤቷ እስኪመሽ ከማሽኑ ሥር እግሩ ብቻ ይታይ እንደነበር ምላ ነገረችን፤ ሳጅኗንም ትኩስ ዳቦ ካልያዝሽ አትሄጂም አለቻት። ተጠርጣሪያችን በዳቦ ሄደ።

«አሁን ወዴት?» አለች ሳጅኗ እየጎረሰች።

«ወደ ሸረሪቷ።»

«ምን አሉ?»

«በሩ አልተከፈተም። ያ ድር የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ሽቦውን የቆረጠ ሰው ውስጥ አልገባም፣ መግባትም አልፈለገም። ታዲያ ሳይገባ ለምን ቆረጠ?»

ማኘኳን አቆመች። «ዳይሬክተሩን ለማዋረድ?»

«ሊሆን ይችላል። ግን የሚያዋርድ ሰው ማኅተሟን አስተካክሎ አይሰቅልም።»

*

ረቡዕ ጠዋት ዳይሬክተሩ ቢሮዬ ድረስ መጡ። እንቅልፍ እንዳጡ ዓይናቸው ይናገራል።

«ኢንስፔክተር፣ በሩ መከፈቱን አረጋገጡ?»

«ለምን ጠየቁኝ?»

«ካልተከፈተማ ነገሩ ቀላል ነው! ‹ዘበኛው ሳያውቅ ቆረጠው፤ በሩ አልተከፈተም› ብለው አንድ ሪፖርት ቢጽፉልኝ፣ ተቆጣጣሪዎቹን አዲስ ማኅተም አድርጋችሁ ሂዱ፣ ቆጠራው ከፊርማው በኋላ ይሁን ብዬ አሳምናቸዋለሁ። ዘበኛውም በቀላል ቅጣት ይወጣል። ማንም አይጎዳም።»

«ገንዳው ቢከፈት ምን ይጎዳል?»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያን ጊዜም እንደዚያ ነው የተሰማኝ። የደከማቸው ሰው ናቸው። «አሥር ዓመት ለፍቼበታለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ጎረቤቶቻችን አንድ ጥርጣሬ ካገኙ ይሸሻሉ።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይላሉ። እኔ የማስበው ስለ ነገሩ ነበር፤ ድንገት ውኃው ላይ ቆምኩ። የሚያጓራ ፓምፕ። ከፊርማ በፊት እንዳይከፈት የሚለመንለት ገንዳ። ማኅተሙ ካልተቆረጠ ማንም የማይከፍተው በር። ሽቦውን የቆረጠው ሰው ራሱ መግባት አልፈለገም፤ ሌሎች እንዲገቡለት ነው የፈለገው።

ከዚያ ሰማያዊው ላስቲክ ትዝ አለኝ። ስልክ አንሥቼ የማዕከሉን ጽዳት ሠራተኛ ጠየቅኋት። ቢጫውን መጣያ ቅዳሜ ማታ ባዶ አድርጋው ሄዳለች። ሰኞ እኔ ሳየው አንድ ጥንድ ነበረበት። ፖሊሶቹ መስመሩን አላለፉም። ጋሽ ቀስታ ከማዶ ነው ያዩት። የጥገናው ልጅ ፓምፑ ያለው ጓሮ ነው። ዳይሬክተሩ ሽፋን የሚባል አያውቁም።

«ሳጅን» አልኩ፣ «ወንጀል ሊሠራ ሄዶ የጫማ ሽፋን የሚያደርግ ሌባ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ሲጨርስስ ገልብጦ የሚቋጥር?»

ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እትዬ ክልክል?» አለች።

*

ቢሮአቸው ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ወደ ቁልቁለቱ፣ ወደ ታችኛው ሰፈር ያያል። ሽፋኑን ስነግራቸው አልካዱም። እንደማፈር ብለው ሳቁ።

«እጄ ነው» አሉ። «ልቤ እየመታ፣ ማንም ሳያየኝ ልውጣ እያልኩ፣ እጄ ራሱ ገልብጦ ቋጠረው። ከልማድ የት ይኬዳል!»

«ገንዳው ያፈስሳል፣ አይደል?»

በመስኮቱ ከአጥሩ ማዶ ያለውን የፍሳሽ ቦይ አሳዩኝ። «እዚያ መለኪያ አለኝ። ከክረምት ወዲህ ንባቡ ቀስ በቀስ እየጨመረ ነው። ገና አደገኛ አይደለም። ግን ቦዩ የሚወርደው ወደ ታችኛው ሰፈር ነው፤ የጉድጓድ ውኃ ነው የሚጠጡት። ለዶክተሩ ነገርኳቸው። መለኪያው አርጅቶ ነው አሉኝ። ደግሜ ነገርኳቸው። ከፊርማው በኋላ አሉኝ። ፊርማው ደግሞ ስንት ጊዜ ተላለፈ! በሩን ልክፈት ብል ታሽጓል፤ ተቆጣጣሪዎቹ ካልመጡ አይከፈትም።»

«ለተቆጣጣሪዎቹ ለምን አይነግሯቸውም?»

«ስብሰባው ውስጥ አያስገቡኝማ። ደብዳቤ ብልክላቸው ‹የተከፋች ሠራተኛ ናት› ይባልልኛል። ቃል ይስተባበላል፣ ወንድሜ። የተቆረጠ ማኅተም ግን የሚያስተባብለው የለም፤ ካልከፈቱ አይሄዱም።»

«ጋሽ ቀስታስ?»

ይኼኔ ፊታቸው ተለወጠ። መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ጠረጉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። «እንደሚያስሯቸው አላሰብኩም። እግዜር ያውቃል አላሰብኩም። እሁድ ከምሳ በኋላ እንደሚተኙ ስለማውቅ ነው ያን ሰዓት የመረጥኩት። ሰኞ ወጥቼ እኔ ነኝ ልል ነበር። ግን ሰኞ ከተናገርኩ ዶክተሩ ‹አንዲት ሠራተኛ አብዳ ነው፣ በሩ አልተከፈተም› ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ነገ ጠዋት በሩ ሲከፈት እናገራለሁ። እስከዚያ ዝም በሉልኝ። ከዚያ እሰሩኝ።»

ቃል ሳልገባላቸው ወጣሁ። ነገሩ እጄ ላይ ነው የወደቀው። ጋሽ ቀስታን ለመፍታት ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱ ደግሞ በሩ አልተከፈተም፣ የቆረጡትም እትዬ ክልክል ናቸው የሚል ነው። ወረቀቱ ከእኔ ወጥቶ ማታውን ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል፤ ገንዳውም አይከፈትም። ዝም ካልኩ ደግሞ ንጹሕ መሆናቸውን እያወቅሁ ሽማግሌውን አሳድራለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የሚሉት የታሰረ ሽማግሌ የሌላቸው ናቸው።

«ምን እናድርግ?» አለች ሳጅኗ።

«የነገሩን ባለቤት እንጠይቅ» አልኩ።

*

ጋሽ ቀስታ ሁሉንም ሰምተው እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ስጨርስ መጀመሪያ ያሉት «ስለዚህ መተኛቴን ያውቃሉ?» ነበር።

«የደበቁኝ እሱን ነበር ማለት ነው።»

«ዘበኛ ተኝቶ ተገኘ ከሚባል...» አሉና ተዉት። ከዚያ ተቆጡ። ያን ዓይነት ቁጣ ከእሳቸው አልጠበቅሁም። «እኔን! ቡና በጠጣሁ ቁጥር ስኳር ቀንስ የምትለኝ ሴትዮ! እኔን ለዚህ ዳረገችኝ? ሚስቴ አግዳሚ ላይ እያደረች!»

«ዛሬውኑ ልፈታዎት እችላለሁ፣ ጋሼ። ቃልዎ ነው። ልፍታዎት ካሉኝ እጽፋለሁ።»

ፎጣቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ውኃው የሚወርደው ወዴት ነው አልከኝ?»

«ወደ ታችኛው ሰፈር።»

«ሌባ ብለው የሮጡብኝ ልጆች ያሉበት ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ፎጣቸውን አጣጥፈው ራስጌያቸው አደረጉ። «ሚስቴን አስገባልኝና እኔው ልንገራት። እሷ ካወቀች አንዲት ሌሊት ማደር አያቅተኝም። ከጉድጓዱ ውኃ እንዳትቀዳም እነግራታለሁ፤ ለጎረቤትም ሹክ ትበላቸው።»

ሪፖርቱን አልጻፍኩም። ዳይሬክተሩ ማታ ሲደውሉ ምርመራው አላለቀም አልኳቸው፤ ይህም ሐሰት አልነበረም።

*

ሐሙስ ጠዋት ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። መሪያቸው ዝምተኛ ሴት ናት፤ ቀዩ መስመር ላይ ስትደርስ ሳይነግሯት ሽፋን አደረገች። እትዬ ክልክል ይህን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ከጎረቤት አገሮቹም ለፊርማው ቀድሞ የመጣ አንድ አንድ መሐንዲስ ተከትሎ ነበር። ዳይሬክተሩ በአስተርጓሚ ብዙ አስረዱ፣ ለመኑ። ሴትዮዋ አዳምጣ ስትጨርስ የተቆረጠውን ሽቦ አሳየችና አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

«ክፈቱት ነው የምትለው» አለ አስተርጓሚው።

በሩ ተከፈተ። ገንዳው እስከ አፉ ሙሉ ነበር፤ ዘንጎቹም አንድ ሳይጎድል ቦታቸው ላይ ናቸው። ዳይሬክተሩ እፎይ ሊሉ ነው፣ የሴትዮዋ የጨረር መለኪያ ከገንዳው ጥግ አጠገብ ደርሶ መጮህ ጀመረ። ግድግዳው ሥር ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ነበር። ወለሉ እርጥብ ነው።

 ከዚያ እትዬ ክልክል ወደ ፊት ወጡ። «ማኅተሙን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ የቦዩንም የየወር ንባብ በቃላቸው ነገሯቸው።

የዚያን ቀን ሥራ በዛ። የጉድጓዶቹ ውኃ ተመረመረ፤ ጨረሩ ገና አልደረሰበትም፤ ግን ለጥንቃቄ ተዘጉ። ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ጎረቤቶቹ ጥለው እስኪሄዱ ይጠብቁ ነበር። የሄደ የለም። አንደኛው መሐንዲስ ስልኩን አውጥቶ አገሩ ደውሎ ገንዳ የሚደፍኑ ባለሙያዎች ጠየቀ። ሌላኛው አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ስንጥቅ እኛም ጋ አለ» አላቸው። «ቦያችሁ የሚገባበት ወንዝ ነገ የሚደርሰው እኛ ዘንድ ነው። ፊርማው ይቆያል። መጀመሪያ መለኪያችሁን እኛም እንድናነብ፣ እናንተም የእኛን እንድታነቡ እንስማማ።»

ዳይሬክተሩ አንገታቸውን ደፉ። ቀና ሲሉ ያለቅሱ ነበር።

እትዬ ክልክልን ይዤ መሄድ ነበረብኝ። ማኅተም መቁረጥ ወንጀል ነው፤ ለምን እንደተቆረጠ የሚመዝነው ሌላ ሰው ነው። ካቴና ግን ሳጅኗ እንቢ አለች። መኪናው ውስጥ ገብተው «ጋሽ ቀስታን ይቅር በሉኝ ብላለች በላቸው» አሉኝ። ካሉኝ ሁሉ ያ ነው የከበደኝ።

*

ጋሽ ቀስታን ከሰዓት ፈታኋቸው። መልእክቱን ነገርኳቸው፤ ፎጣቸውን ማጣጠፍ ቀጠሉ። ታክሲ ልጥራልዎ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በፖሊስ መኪና ነው የወሰዳችሁኝ። በፖሊስ መኪና መልሱኝ። በሩንም አንተ ትከፍትልኛለህ፤ ሰው እያየ።»

ታችኛው ሰፈር ስንደርስ የውኃ ጉድጓዱ በቢጫ ገመድ ታጥሮ፣ ሕዝቡ የውኃ ቦቴ መኪና ከቦ ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ ነበር። ሳጅኗ ሳይነገራት ሳይረኑን አንዴ ነፋችው። ሰው ሁሉ ዞረ። ወርጄ በሩን ከፈትኩ፤ ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸው። ባለቤታቸው በሌላው በር ወረዱ።

«እኚህ ሰው ንጹሕ ናቸው» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ያሰርናቸው በስሕተት ነው። ይቅርታ ጠይቀናቸዋል።»

ከሰልፉ እልልታ ተነሣ። ልጆቹ መጥተው እጃቸውን ያዙ። እሳቸው ግን የሚያዩት ጀሪካኖቹን ነበር፤ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው።

አንዲት ጎረቤት ጀሪካኗን አስቀምጣ ተጠጋቻቸው። «እሰይ! እሰይ ጋሼ! ታዲያ ያን ማኅተም የቆረጠው ማን ኖሯል?»

ጋሽ ቀስታ መልሱ ጠፍቷቸው አልነበረም።

«ምነው እኔ በሆንኩ» አሉ።